ከገና እስከ ጥምቀት ደሴ ውስጥ ግጥም የሚጻፍበት ጸጥ ያለ ጥግ የት ይገኛል?

ሰማያዊ ቢክ · ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ እያነበብኩ ዝም የምል ነበርኩ፤ አሁን ግን ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፣ ሒሳብ ክፍል። የዓመት ፈቃዴን አጠራቅሜ ከገና ዋዜማ እስከ ጥምቀት ማግስት 10 የሥራ ቀን ወሰድኩ። አለቃዬ "ሠርግ አለ እንዴ?" ሲለኝ "አዎ፣ የዘመድ" ብዬ ዋሸሁ። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ አመነኝ። ግጥም ልጽፍ ነው ብለው ምን ሊለኝ ነው?

ስልኬ ውስጥ የሁለት ዓመት ቁርጥራጭ አለ። ሚኒባስ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ደመወዝ እየሠራሁ የጫርኳቸው፣ ወደ 60 ይጠጋሉ። አንዱም አላለቀም። ቁጭ ብዬ የሚሆነውን ልጨርስ፣ የማይሆነውን ልጥል ነው ሐሳቤ።

ችግሩ ቤታችን ነው። ሆጤ ያለው የወላጆቼ ቤት ሳሎንና ሁለት ክፍል ነው። ለገና ከአዲስ አበባ የአክስቴ ልጆች ይመጣሉ፣ ከወልድያ አያቴ ትመጣለች። አምና 11 ሰው አድረናል። እኔ ከሦስት ሕፃናት ጋር ፍራሽ ላይ ነበርኩ፤ አንደኛው ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ ሆዴን ሲረግጠኝ አደረ። በዚያ ላይ ሽንኩርቱ አለ። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ብትሉ ለሦስት ዶሮ ስድስት ኪሎ ነው፤ ከታፊዋም ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ወንድሜ በጉን ያርዳል፣ እጁን ይታጠባል፣ "አቤት ድካም" ብሎ ሶፋው ላይ ይዘረጋል።

አምና ከዚያ ሁሉ ቀን የተረፈኝ ይኼ ብቻ ነው፦

ሽንኩርቱን ስከትፍ የመጣልኝ ስንኝ፣
ወጡን ሳማስለው እንፋሎት ሆነብኝ።

ስለዚህ ደሴ ውስጥ ወይም ዙሪያዋ ሴት ልጅ ብቻዋን ሁለት ሦስት ሰዓት የምትቀመጥበት ቦታ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ካፌ አትበሉኝ። የፒያሳዎቹን አንድ በአንድ ሞክሬአቸዋለሁ፤ በበዓል ሰሞን ሁሉም ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ያወጣል።

ጦሳ ራሱ · ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 4፡32

ይኼ ምኑ ይጠየቃል፣ ጦሳ ተራራ ውጪ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ገና ብቅ ሳትል ተነሺ። ላይ ስትደርሺ ደሴ እንደ ሳህን ሥርሽ ተዘርግታ ታያታለሽ። የምትሰሚው ነፋስ ብቻ ነው። ወፍራም ልብስ አትርሺ፤ ከተማዋ ራሷ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ የታኅሣሥ ጠዋት እዚያ ላይ ጣት ያደነዝዛል።

ጀበና · ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 4፡41

ወንድም ጦሳ፣ "ሴት ልጅ ብቻዋን" ያለችውን መስመር ዘለልከው መሰለኝ። በድንግዝግዝ ብቻዋን ተራራ? እናቷ ብትሰማ ከታቦቱ በፊት አንተን ነው በዕልልታ የምታወጣው።

ደግሞ ጣት እየደነዘዘ በምን ይጻፋል?

ባለ ሚኒባስ · ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 5፡05

እኔ በመስመሩ ስለምሠራ አውቀዋለሁ፣ ሐይቅ ሂጂ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከደሴ ዝቅ ስለሚል ብርዱም ይላላል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ገብተሽ ዛፍ ሥር ቁጭ በይ፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን መነኮሳት ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ የተማሩበት ቦታ ነው። ከዚያ የበለጠ ጸጥታ የትም የለም።

ጀበና · ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 5፡09

ሴት አይገባበትም እኮ!

ባለ ሚኒባስ · ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 5፡15

አፉ በሉኝ፣ ረሳሁት። ሁልጊዜ በር ድረስ ነው የማደርሳቸው። እሺ፣ ውሃው ዳር ትቀመጥ። ዓሣ አጥማጆች አሉ፣ እነሱ ሥራቸው ላይ ናቸው፣ ማንንም አያዩም። ታሪፉ ግን በበዓል ሳምንት ከፍ ይላል፣ ወቀሳ እንዳታመጡብኝ ካሁኑ ልናገር።

እንቅልፍ አጣ · ታኅሣሥ 20፣ ከሌሊቱ 7፡20

ደሴ ጸጥ የምትለው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ሻማ ግዥና ጠብቂ።

የወል ቤት · ታኅሣሥ 21፣ ከጠዋቱ 2፡48

ቦታውን ሌሎች ይንገሩሽ፤ እኔ ስለ ሁለቱ ስንኞች ልበል። በጣታችሁ ቁጠሩት፦ ሽን-ኩር-ቱን-ስ-ከ-ትፍ፣ ስድስት። የ-መ-ጣ-ልኝ-ስ-ንኝ፣ ስድስት። ሁለተኛውም እንደዚያው ሞልቷል። የወል ቤት ማለት ይኼ ነው፣ ስድስት በስድስት። ብዙ የዘመኑ ልጆች የወል ቤት እንጽፋለን ብለው አንዱን ሐረግ አምስት፣ አንዱን ሰባት ያደርጉታል፤ ሲነበብ እንደተሰበረ ጎማ ይነጥራል። አምስት በአምስት ከፈለጉ ሰንጎ መገን አለላቸው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ግን እኔ አልወድም።

አንቺ በሽንኩርት መሐል ልኩን ጠብቀሽ ከመጣሽ፣ ጸጥታው ምን ሊጨምርልሽ ነው?

ሰማያዊ ቢክ · ታኅሣሥ 21፣ ከቀኑ 7፡02 (በምሳ ሰዓት)

ስለ ቆጠራው አመሰግናለሁ። ምን ይጨምርልሃል ላልከው፦ ሦስተኛውንና አራተኛውን ስንኝ። ሁለት ስንኝ በሽንኩርት መሐል ይመጣል። ስምንት ስንኝ አይመጣም፤ አምስተኛው ላይ ስትደርስ "ነጭ ሽንኩርቱስ ተላጠ?" የሚል ድምፅ ይመጣል።

ሰሜን ዋልታ · ታኅሣሥ 21፣ ከቀኑ 8፡30

የደሴ ልጅ ነኝ፣ የምኖረው ስዊድን ነው። እዚህ ክረምት የሚሉት እኛ በጋ የምንለውን ጊዜ ነው። ታኅሣሥ ላይ ስቶክሆልም ፀሐይ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ለፈረንጅ ገና ሁለት ሳምንት ዕረፍት አለኝ፣ ብቻዬን እኖራለሁ፣ ጎረቤቴን በሊፍት ውስጥ ካልሆነ አላየውም። ጸጥታ ከፈለግሽ በከረጢት ሞልቼ ልልክልሽ እችላለሁ። አምና በዚያ ሁሉ ጸጥታ የጻፍኩት ስለ መብራት ሒሳብ የቅሬታ ደብዳቤ ብቻ ነው። የናፈቀኝ ያንቺ ጫጫታ ነው፣ የእናቴ...

ጀበና · ታኅሣሥ 21፣ ከቀኑ 8፡44

ወንድሜ፣ አታልቅስብን። እንለዋወጥ። አንተ ሆጤ መጥተህ ስድስት ኪሎ ሽንኩርት ክተፍ፣ እሷ ያንተ ቤት ትቀመጥ።

ሰሜን ዋልታ · ታኅሣሥ 21፣ ከቀኑ 8፡51

ቲኬቱን ካገኘሁ ዛሬ እመጣለሁ።

አያ ሙሄ · ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 1፡15

ልጄ፣ እኔ ትንሽ ልቃወምሽ። በወሎ ግጥም ብቸኝነትን አይወድም። ሐድራ ላይ ሰው ተሰብስቦ፣ ዕጣኑ ተጭሶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ድቤው ሲመታ ነው መንዙማው የሚወርደው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አባቶቻችን በዐረብ ፊደል የጻፉት የአማርኛ መንዙማ ሁሉ ለጆሮ የተሠራ ነው፣ በጉባኤ የሚባል። ለቅሶ ላይ የምታወርደዋ አልቃሽም እንደዚያው ናት፤ ድንኳኑ ሲሞላ ነው አንደበቷ የሚፈታው። ብቻዋን ክፍል ዘግተሽ "አልቅሺ" ብትያት አንድ ቃል አይወጣትም።

እኔ እንደሚመስለኝ ይኼ "ብቻዬን ልሁን" የሚባለው ግጥም ወረቀት ላይ ከወጣ ወዲህ የመጣ አመል ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

ቆሎ ተማሪ · ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 3፡40

አያ ሙሄ፣ በአክብሮት ላርምዎት። ብቸኝነቱ ከወረቀት በፊትም ነበረ።

እኔ በልጅነቴ ዋድላ ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ጨረስኩ አልልም፤ ግማሽ ላይ ትቼ ወደ አስኳላ ገባሁ፣ አሁንም ይቆጨኛል። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ሥራ "ቆጠራ" ይባላል። መምህሩ ያሰሙትን ቅኔ በልቡ ይዞ፣ በራሱ ጊዜ የራሱን ይቆጥራል፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ያወጣል። ጀማሪው የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። ሁለት ስንኝ ምን ታደርጋለች አትበሉ፤ በግእዝ ነው፣ ሰምና ወርቅ መያዝ አለባት፣ ልኳና ዜማዋም እንዲሁ። እኔ በሁለቷ ስንኝ ከጠዋት እስከ ማታ የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው። ማታ መምህሩ ዘንድ ቀርበህ ትነግራለህ፤ ያቃኑልሃል፣ ወይም "ሂድ" ይሉሃል። ወረቀት የለም፤ ከጭንቅላት ወደ አፍ ነው።

አሁን ወደ እኅቴ ጥያቄ ልምጣ። ቆጠራው የሚደረገው ለየብቻ ነው። አንዱ ቁጥቋጦ ሥር ይገባል፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ይይዛል፣ አንዱ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ቦታ ለሁሉም አይበቃም፤ ጎጆ ለጎጆ ተጠጋግተን 40 ተማሪ ነበርን። ስለዚህ ያየሁት ብልሃት ጋቢ ነው። ጋቢህን ከራስህ በላይ ትከናነባለህ፣ ፊትህን ወደ ግንብ ታዞራለህ፤ በቃ፣ የለህም። የተከናነበን ተማሪ ማንም አይጠራም። ሕፃን እንኳ "እየቆጠረ ነው" ብሎ ያልፋል። ጩኸቱ ያው ነው፤ ውሻው ይጮኻል፣ በሬው ይነዳል፣ ዲያቆኑ ዜማውን ያንቆረቁራል። ከጩኸት ይልቅ የሚያስቸግረው የሰው መጥራት ነው። ጋቢው የሚከለክለው እሱን ነው።

ቤታችሁ ውስጥ "ጋቢ ለብሳ ስትቀመጥ አትጠሯትም" የሚል ሕግ ማስገባት ከቻልሽ፣ ጦሳም ሐይቅም አያስፈልግሽም።

ሰማያዊ ቢክ · ታኅሣሥ 22፣ ከጠዋቱ 3፡20

ጋሼ ቆሎ፣ ይህን አምስት ጊዜ አነበብኩት። "የሰው መጥራት" ያሉት ልክ ነው። እኔ ጫጫታ የሚረብሸኝ አይደለሁም፤ ኮምቦልቻ የተከራየሁት ክፍል ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ የጅቡቲ ከባድ መኪና ያልፋል፣ እተኛለሁም እጽፋለሁም። ስሜን የሚጠራ የለማ።

ግን እናቴ ዘንድ ጋቢ አይሠራም። ሴት ልጅ በበዓል ጋቢ ተከናንባ ከተቀመጠች ወይ ታማለች፣ ወይ ተኳርፋለች ነው የሚባለው። ሁለቱንም ለማጣራት ሰው ይመጣል።

ባለ ሚኒባስ · ታኅሣሥ 22፣ ከጠዋቱ 3፡31

ታዲያ ኮምቦልቻ ክፍል ካለሽ ለምን እዚያው አትቀመጪም? 25 ኪሎ ሜትር እኮ ነው፤ ሐረጎን ወርደሽ ጽፈሽ ማታ ትመለሻለሽ።

ሰማያዊ ቢክ · ታኅሣሥ 22፣ ከጠዋቱ 3፡50

አስቤው ነበር። ግን አንደኛ፣ በገና ቀን ቤት ዘግቼ ኮምቦልቻ ከተቀመጥኩ እናቴ እስከ ፋሲካ አታናግረኝም። ሁለተኛ፣ አከራዬ በጣም ደግ ሴት ናቸው፤ በዓል ላይ ብቻዬን ካገኙኝ አይተዉኝም፣ ትሪ ይዘው ይመጣሉ፣ ቁጭ ብለው እስክጨርስ ያዩኛል። ደግ ሰው ደግሞ ከክፉ ሰው ይልቅ ለግጥም ያስቸግራል፤ ክፉውን በር ትዘጊበታለሽ።

ሻሂ በስኒ · ታኅሣሥ 22፣ ከቀኑ 9፡12

እታለም፣ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አብሽሪ፣ መፍትሔ አለኝ።

እኛ ሙስሊሞች ነን፣ ቤታችን ሸዋ በር ነው። ገና የለብንም ልል ነበር፤ ውሸት ይሆናል። ገና ሲሆን እናቴ በማለዳ ተነሥታ ትለብሳለች፣ ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች ስለሆኑ እዚያ ትውላለች። አባቴም ቢላውን ይዞ ይሄዳል፤ ለእኛ ለብቻ የሚቀመጠውን ዶሮ እሱ ነው የሚያርድላቸው። ታናናሾቼ ለድፎ ዳቦው ሲሉ ይከተሏቸዋል። እኔ ደግሞ ፋርማሲ ተረኛ ነኝ። ይኼ ማለት በዓመት አንድ ቀን፣ በእናንተ በዓል፣ የእኛ ቤት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ባዶውን ይውላል። ማንም የለም። ዶሮም የለም። ስምሽንም የሚያውቅ የለም።

ክፍሌ ውስጥ ጠረጴዛ አለ፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው። በውስጥ መልእክት አናግሪኝ። መጀመሪያ እናቴን ትተዋወቂያታለሽ፤ ያላየችውን ሰው ቤቷ አላስገባም።

ጀበና · ታኅሣሥ 22፣ ከቀኑ 9፡20

ይኼን ያነበበ ሰው ሁሉ አሁን ሸዋ በር ሊሰለፍ ነው።

አያ ሙሄ · ታኅሣሥ 22፣ ከቀኑ 10፡05

ማሻአላህ። ክርክሬን ትቻለሁ።

ሰማያዊ ቢክ · ታኅሣሥ 25፣ ከምሽቱ 2፡30

ዛሬ ከሻሂና ከእናቷ ጋር ቡና ጠጣን። ፈራ ተባ ብዬ ነበር የሄድኩት። እናቷ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ መረመሩኝ፦ የማን ልጅ ነሽ፣ አያትሽ የየት አገር ናት፣ ለምን አላገባሽም። በረካው ላይ "ጽሑፍ የምትጽፊ ከሆነ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ" አሉኝ፤ ሳዑዲ ላለች እኅታቸው። እሺ አልኳቸው። ኪራዩ ይኼው መሆኑ ነው።

ለእናቴ የነገርኳት "ጓደኛዬን እንኳን አደረሰሽ ልላት ነው" ብዬ ነው። ይኼ እንኳ ውሸት አይደለም፤ በወሎ ደንብ።

ሰማያዊ ቢክ · ታኅሣሥ 30፣ ከምሽቱ 3፡00

ስንት ሰው "ምን ሆነ?" ብሎ ስለጻፈልኝ ይኸው።

የገና ዕለት ሌሊቱን ማኅሌት ቆመን፣ ከቅዳሴ ወጥተን፣ ጾም ፈትተን፣ እንግዳ አስተናግጄ፣ ዕቃ አጥቤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሸዋ በር ደረስኩ። ቁልፉን ሻሂ ፋርማሲው ውስጥ ሰጠችኝ። ቤቱ እንዳለችው ነው። ጠረጴዛ፣ መስኮት፣ ጓሮው ላይ የተሰጣ ልብስ። ደብተሬን ዘረጋሁ። ቢኩን ከፈትኩ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ዝምታ ይኸው መጣ አልኩ።

ከዚያ ተኛሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ወርጄ አልጋው ላይ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ የሻሂን ጋቢ ለብሼ፣ እንደ ድንጋይ። ስነቃ 10 ሰዓት ተኩል ሆኗል። መጀመሪያ ልቅሶ ነበር የመጣብኝ፤ ፈቃዴ ላይ፣ ለአለቃዬ የዋሸሁት ላይ፣ ታክሲው ላይ። ቆይቼ ሳስበው ግን ከኅዳር ጀምሮ በቀን ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተኝቼ አላውቅም። ጸጥታ ጸጥታ ስል የኖርኩት ድካም ኖሯል።

በቀረኝ አንድ ሰዓት ጻፍኩ። ከ60ዎቹ ቁርጥራጮች 41ዱን ሰረዝኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይኼኛው ደግሞ አዲስ ነው፦

ዝምታ ፈልጌ ጎረቤት ገባሁ፣
ትራስ ተቀበለኝ፣ ብዕሬን ረሳሁ።
ነቅቼ ብሰማ እናቴ ትሥቃለች፣
ያበሰልኩትን ወጥ እሷ ታጎርሳለች።

ጀበና · ታኅሣሥ 30፣ ከምሽቱ 3፡12

"ትራስ ተቀበለኝ"!!! ይኼን ባሌ ማንበብ አለበት።

ቆሎ ተማሪ · ታኅሣሥ 30፣ ከምሽቱ 3፡40

እኛም ቁጥቋጦ ሥር ስንት ቀን ተኝተን መምህሩ "ቆጠርክ?" ሲሉን "እየቆጠርኩ ነበር" ብለናል። 41 መሰረዝሽን ወድጄዋለሁ። እኛን ማታ "ሂድ" የሚሉን መምህር ነበሩ፤ አንቺ ግን ለራስሽ መምህር ሆንሽ።

የወል ቤት · ጥር 1፣ ከጠዋቱ 2፡15

ሁለቱ የመጀመሪያ ስንኞች ሙሉ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ግን ቁሚ። እ-ና-ቴ፣ ሦስት። ት-ሥ-ቃ-ለች፣ አራት። ሰባት ሆነ። "ትሥቃ" ብለሽ አንድ ላይ ካልደፈጠጥሽው በቀር ልኩ ያልፋል። "እማ ትሥቃለች" ብትይው ይስተካከላል።

ሻሂ በስኒ · ጥር 1፣ ከጠዋቱ 2፡58

እኔ ስለ ልክ አላውቅም፤ ስለ እውነቱ ግን ሦስት ክስ አለኝ። አንደኛ፣ ሆጤና ሸዋ በር ጎረቤት አይደሉም። ሁለተኛ፣ በአጥር በኩል ስትሥቅ የሰማሻት የእኔ እናት ናት እንጂ ያንቺ አይደለችም፤ ያንቺ እናት ሆጤ ነበሩ። ሦስተኛ፣ እናቴ ያንቺን ወጥ አልቀመሰችም፣ ለማንም አላጎረሰችም፣ አባቴ ያረደውን ዶሮ ነው የበላችው። ወላሂ ትናንት አንብቤላት "ልጅቷ እናቷን አደረገችኝ?" ብላ ሥቃ ሥቃ ልትሞት ነበር።

ሰማያዊ ቢክ · ጥር 1፣ ከጠዋቱ 3፡30

ሦስቱንም አምናለሁ። ቤት ለመምታት ስል ነው እናትሽን የወሰድኳት፤ ደብዳቤያቸውን በነጻ እጽፋለሁ።

ጋሽ የወል ቤት፣ "እማ"ን ሞክሬው ነበር፣ ግን "እማ" ስል ሕፃን ሆኜ ሰማሁት። ሰባቱን ልተወው ነው። ያቺ ሴትዮ ስትሥቅ ከልክ ታልፋለች፤ ሰምቼአታለሁ።

የወል ቤት · ጥር 1፣ ከጠዋቱ 3፡41

አልቀበልም። ግን አልከስም።

ሻሂ በስኒ · ጥር 1፣ ከጠዋቱ 3፡55

ለዒድ ተራው የኔ ነው። እኔ እናንተ ቤት መጥቼ እተኛለሁ፣ አንቺ እኛ ቤት ሽንኩርት ትከትፊያለሽ። ውላችን ይኼ ነው።

ሰማያዊ ቢክ · ጥር 1፣ ከጠዋቱ 3፡57

ስንት ኪሎ?